ሌላ ሰው የሆንኩበት ኅዳር

ሰቆጣ መናኸሪያ አጠገብ ያለው፣ ያኔ ቪዲዮ ቤት የነበረው ክፍል ዛሬ የሴቶች ፀጉር ቤት ሆኗል። ባለፈው ሰሞን እናቴን ልጠይቅ ስሄድ ከአውቶቡስ ወርጄ ባጃጅ ስጠብቅ፣ ከመጋረጃው ሥር የተተኮሰ ፀጉር ሽታ ወጥቶ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ዶሮ ሲለበለብ ከሚሸተው ብዙም አይለይም። ሰው እንዴት ይኼን እየሸተተ ለመቆንጀት ይቀመጣል እላለሁ ሁልጊዜ፤ እኔ ራሴ አንድ ቀን እንደተቀመጥኩ እያወቅሁ። ባለባጃጁ «እህት፣ አትገቢም?» እያለ ጠራኝ። መልስ ሲያጣ ሌላ ሰው ጭኖ ሄደ።

ያ ክፍልና ያ ሽታ በእኔ ራስ ውስጥ የአንድ ዓመት ናቸው፣ ዘጠነኛ ክፍል የገባሁበት ዓመት። ከዚያ በፊት የነበረችውን ትርንጎ ሳስባት የማውቃት የጎረቤት ልጅ ትመስለኛለች።

በሰቆጣ ዙሪያ፣ በእኛ መንደር፣ ትምህርት ቤቱ ከስምንተኛ አያልፍም ነበር። ስምንተኛን የጨረሰ ልጅ ወይ እዚያው ይቀራል ወይ ከተማ ቤት ተከራይቶ ይማራል። እኔና የጎረቤታችን ልጅ ወርቄ እትየ ለምለም ከሚባሉ ሴት ግቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየን። ቅዳሜ ጠዋት በእግራችን ወደ ቤት እንሄዳለን፤ እሑድ ከሰዓት የሳምንቱን ስንቅ ተሸክመን እንመለሳለን። እስከ ረቡዕ እንጀራ ነው። ከዚያ በኋላ እንጀራው ስለሚሻግት ድርቆሽ በውኃ እያራስን እንበላለን። ሐሙስ ሐሙስ የከተማ ልጆች ክፍል ውስጥ ከእኛ ራቅ ብለው ይቀመጡ ነበር። እኔ ጨዋነት መስሎኝ ነበር፣ እንደ እንግዳ ቦታ የሚለቁልን። የሻጋታው ሽታ ልብሳችን ውስጥ እንደገባ የነገረችን ቆይተው እትየ ለምለም ናቸው፤ እሳቸውም የነገሩን አፍንጫቸውን ይዘው ነው።

ቤቱን የተከራየልኝ ወንድሜ አዳነ ነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ የቤቱ ወንድ እሱ ነበር። እናቴ ከእኔና ከእሱ ሌላ ልጅ የላትም። እሱ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቶ አረሰ፣ እኔ እንድማር። በዚያ መስከረም ጓዜን ተሸክሞ ሰቆጣ አደረሰኝና፣ በማግስቱ ወደ ቆላ፣ ለሰሊጥ አጨዳ ሊሄድ አውቶቡስ ተሳፈረ። ስንሰነባበት እንደ ልማዱ ሹሩባዬን ከኋላ ሳብ አደረገና «ነገር አታብዢ» አለኝ። ሹሩባዬን መሳብ ለእሱ ሰላምታም ቁጣም ነበር፤ የበቅሎ ልጓም እንደያዘ ሰው ነበር የሚይዘኝ።

«አንተ ደግሞ ቶሎ ና» አልኩት።

«ሰሊጡ ሲያልቅ።»

ነገር አታብዢ ማለቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። በመንደራችን አፈኛ የምባል እኔ ነበርኩ። ለሻደይ፣ ለነሐሴው የልጃገረዶች ጨዋታ፣ ዘፈን የማወጣው እኔ፣ ያላማረኝን ሰው በነገር የምወጋው እኔ። ቄሳችን አባ ክንፈ እንኳ ከእኔ ምላስ አላመለጡም። እናቴ «ይቺን የሚያገባ ሰው አስቀድሞ ጆሮውን ይድፈን» ትል ነበር።

ከተማ ስገባ ግን አፌ ተዘጋ። በቤታችን የምንናገረው ኽምጣኛ ነው። አማርኛ አላጣሁም፤ ከትምህርት ቤትና ከገበያ የለቃቀምኩት ነበረኝ፤ ነገር ግን በገዛ ቋንቋዬ የምሮጠውን ያህል በአማርኛ አነክሳለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት የባዮሎጂ መምህራችን አስነስተው ጠየቁኝ። መልሱን አውቀዋለሁ። ግን ቃሉን ፈልጌ፣ አስተካክዬ፣ አፌ ላይ ሳደርሰው አነጋገሬ ክፍሉን በሙሉ አሳቀው። መምህሩ ሊያድኑኝ ፈልገው ይመስለኛል፣ «በቃ ተቀመጪ፣ ዝምተኛዋ» አሉኝ። እኔ ዝምተኛ ሆኜ አላውቅም፤ ዝም ያለው አማርኛዬ ነው። ይኼን ለማስረዳት ደግሞ አማርኛ ያስፈልግ ነበር።

ስሙ እንዲጣበቅብኝ ያደረገው ቪዲዮ ቤቱ ነው። ከትምህርት ስንወጣ በአነስተኛ ዋጋ ለተማሪ ፊልም ያሳዩ ነበር። መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል፤ አግዳሚው ላይ ተጣበን እንቀመጣለን፤ ላብና የጄኔሬተር ጭስ ይሸታል። የውጭ ፊልም ነው፣ በአማርኛ የተተረከ። አንድ ሰውዬ ብቻውን ሁሉንም ሆኖ ይተርካል፤ ልጅቷንም፣ እናቷንም፣ መምህሩንም። ልጅቷ ስታለቅስ እሱ በዚያ ወፍራም ድምፁ «አሁን በጣም ከፍቷታል» ይላል። እኔ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር መስሎኝ ነበር፣ የማይታይ ግን ሁሉን የሚያውቅ።

ፊልሞቹ ቢለያዩም ነገራቸው አንድ ነው። ትልቅ ትምህርት ቤት አለ። በኮሪደሩ ግራና ቀኝ ቁልፍ ያለው የብረት ሳጥን ተደርድሯል። የስንቅ ማስቀመጫ ነው ብዬ ወሰንኩ። ወርቄም አምናኝ «አይጥ አይደርስበትማ» ብላ ተመኘች። ከዚያ ልጆቹ አሉ፤ ኳስ ተጫዋቹ፣ ቆንጆዋና የሚከተሏት ጓደኞቿ፣ ባለመነጽሩ ጎበዝ፣ ቀልደኛው፣ ጥግ ላይ ደግሞ ፀጉሯ ፊቷን የጋረደባት ዝምተኛ። በየፊልሙ እነዚያው ይመጣሉ። የመንግሥት ደንብ መሰለኝ፤ አንድ ክፍል አለቃ እንደሚኖረው ሁሉ እነዚህም በየትምህርት ቤቱ መኖር አለባቸው ብዬ አሰብኩ።

የእኛም ክፍል በጥቂት ሳምንት ውስጥ እንደዚያው ተደለደለ። ኳሳችን አየር የማይዝ ቢሆንም ኳስ ተጫዋች ተገኘ። መነጽር ያለው ልጅ ስለሌለ ጎበዙ ያለ መነጽር ተሾመ። ቆንጆዋ ሜሮን ሆነች፤ አባቷ ከደሴ ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ዝምተኛዋ እኔ። የተወዳደረኝ አልነበረም።

ሰው ስም ሲሰጡት ቀስ በቀስ ስሙን ይመስላል። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ኋላ ተመቸኝ። ዝምተኛን ማንም አይጠይቃትም፣ ማንም አይስቅባትም። ፀጉሬን ፊቴ ላይ ጣል ማድረግ ሁሉ ጀመርኩ። ጥቅምት ላይ ቤት ስሄድ እንኳ ዝምታው አብሮኝ ሄደ። እናቴ ግንባሬን በእጇ ዳሰሰችና «ትኩሳት የለብሽም፤ ታዲያ ምን ነካሽ?» አለችኝ። ምንም አልኳት። ምንም የሚለው ቃል ከእኔ አፍ ሲወጣ ሰምታ አታውቅም ነበርና ዐይኗ እንባ አቀረረ።

በዚያው ወር ያችን ፊልም አየሁ። ዝምተኛዋ ልጅ ረጅም ፀጉር አላት። አንድ ቀን ቆንጆዋ ቤቷ ትወስዳትና ፀጉሯን እስከ አንገቷ ትቆርጠዋለች። ከዚያ ልጅቷ በደረጃ ስትወርድ ዘፈኑ ይቆማል፣ ሁሉም ዝም ይላል። ተራኪው ሰውዬ «አሁን ሌላ ሰው ሆናለች» አለ። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ስትናገር ማንም አልሳቀባትም። እኔ ያየሁት ውበቱን አልነበረም። ፀጉር ሲቆረጥ አፍ ይፈታል ማለት ነው ብዬ ነው የተረዳሁት።

ሜሮን ክፉ ልጅ አልነበረችም። ብዙ ሰው ክፉ እንድላት ይፈልጋል፤ አልልም። በፊልሙ ቆንጆዋ ዝምተኛዋን ስለምታቀርብ እሷም አቀረበችኝ፤ እንጀራዬ ሳይሸታት አጠገቤ ተቀመጠች። አንድ ቀን «አባቴ በተዛወረ ቁጥር እኔ አዲስ ልጅ እሆናለሁ» አለችኝ። «በፊት የነበርንበት አገር ቀልደኛ ነበርኩ። ከዚያ በፊት ደግሞ አልቃሻ። እዚህ ቆንጆ ልሁን ብዬ ነው።» እንደ ልብስ ነበር የምታወራው። እኔ እሷን ለመሆን አልተመኘሁም፤ እንደ እሷ ከአንዱ ወጥቶ ሌላው ውስጥ መግባትን ግን ተመኘሁ።

ኅዳር ሚካኤል ሰሞን፣ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ቤታቸው ወሰደችኝ። እናትና አባቷ ከቢሮ አልተመለሱም። ሹሩባዬን ፈታች፣ በሻምፑ አጠበችኝ፣ ከዚያ የእናቷን መቀስ አመጣች። በቀኝ በኩል እስከ አንገቴ ቆረጠች። በግራ ትንሽ አጠረባት። ቀኙን ከግራው ልታስተካክል ስትል ግራው ረዘመ፤ ግራውን ስታስተካክል ቀኙ። እንዲህ እያለች ከጆሮዬ በላይ ደረሰች። የቀረውን በጋለ ብረት ተኮሰችው፤ ያ ሽታ ክፍሉን ሞላው። መስታወት ውስጥ ያየኋት ልጅ ፊቷ በሙሉ ወጥቶ ነበር። ቆንጆ አልነበረችም፤ ግን የምትናገር ትመስል ነበር።

ወርቄ ማታ ስታየኝ እጇ ላይ የነበረው ድርቆሽ ወደቀ። «ማን ሞቶብሽ ነው?» አለችኝ በኽምጣኛ። ሳቅሁ። በእኛ አገር ሴት ፀጉሯን እንዲያ የምትቆረጠው የቅርብ ሰው ሲሞትባት መሆኑን የማላውቅ ሆኜ አይደለም። አባቴ ሲሞት እናቴ በምላጭ ስትላጭ ውኃውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ግን ያ የመንደር ነገር ነው፤ ይኼ የከተማ። አንዱ ወደሌላው የሚሻገር አልመሰለኝም።

ዓርብ በትምህርት ቤቱ በር ስገባ ሁሉም ዝም እንዲል ጠበቅሁ። ዝም ያለ የለም። ዘበኛው አላወቀኝምና መታወቂያ አሳዪ አለኝ፤ ያ ትንሽ ደስ አሰኘኝ። የከተማ ልጆች አንድ ጊዜ አይተውኝ ጨዋታቸውን ቀጠሉ። ከገጠር የመጡት ግን አንድ በአንድ እየመጡ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እግዜር ያጥናሽ» አሉኝ። የሚያላግጡ መስሎኝ ፊቴን አዞርኩ። ዝም ስል ደግሞ ይበልጥ አዘኑልኝ። ከሰዓት ሳሙና ልገዛ በገበያው መሐል ሳልፍ እንኳ አንዲት የክፍሌ ልጅ ሰው ፊት አቅፋ ሳመችኝና እንባዋን ጠረገች። ከመንደራችን የመጡ ገበያተኞች በዚያ እንደነበሩ አላየሁም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እኔ ሳሙናዬን ይዤ ስገባ ወሬዬ ቀድሞኝ ጋራውን እየወጣ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሻሽ አሰርኩ። ወርቄ ናት ያስገደደችኝ። «እናትሽን ቀስ ብለሽ ታሳያታለሽ» አለችኝ። ከመንደራችን በላይ ያለው አፋፍ ላይ ስንደርስ ጩኸት ሰማን። ከእኛ ሰፈር በኩል ነው። አንዲት ሽማግሌ ጎረቤታችን ክረምቱን ሙሉ ታመው ከርመዋል፤ እሳቸው ናቸው አልን። በእኛ አገር ለቅሶ ቤት ዝም ተብሎ አይገባም። ጩኸቱ ከተሰማበት ቦታ ጀምሮ እየጮኹ ነው የሚወረደው፤ ዝም ብሎ የሚመጣ ደስ ያለው ጠላት ነው ይባላል። እኔም እንደ ወጉ ራሴን ይዤ፣ እየጮህኩ ቁልቁል ሮጥኩ። ሻሹ መንገድ ላይ ወደቀ። ወርቄ አንስታው ከኋላዬ እየጮኸች ተከተለች።

ሰው የተሰበሰበው የሽማግሌዋ ቤት አልነበረም። የእኛ ግቢ ነው። አንዲት ሴት «መጣች! ይኸው እህቱ መጣች!» ስትል ሰማሁ። ሰዎቹ ለሁለት ተከፈሉ። እናቴ መሐል ላይ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ጉንጯን ቧጥጣ፣ «አዳነ! አዳነ! ልጄን!» ትላለች።

እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ከቆላ ሰው መጥቶ መርዶ ነግሯቸዋል፤ እኔን ማን ያስታውሰኛል፣ ብዬ አሰብኩ። እናቴ ላይ ወደቅሁባት። እሷ የተቆረጠውን ራሴን በሁለት እጇ ያዘችው፣ ዳበሰችው፣ ከዚያ ያልሰማሁት ዓይነት ድምፅ ከሆዷ ወጣ። አለቀስን። አጎቴ ደሳለኝ ደረቱን ይደቃል፤ ሴቶቹ የወንድሜን ስም እየጠሩ ሙሾ ያወርዳሉ። እኔም ወንድሜን አለቀስኩት። እንደዚያን ቀን አልቅሼ አላውቅም፣ ከዚያም ወዲህ አላለቀስኩም።

ፀሐይ ከራሳችን በላይ ስትደርስ አባ ክንፈ መጥተው አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። «ልጄ፣ በርቺ» አሉኝ። «ለመሆኑ የት ቀበሩት አሉሽ?»

«ማን አለኝ?»

«የነገረሽ ሰው ነዋ።»

«እኔ ማንም አልነገረኝም፣ አባ። እናንተ ናችሁ እንጂ የሰማችሁት።»

«እኛማ ካንቺ ነው የሰማነው» አሉ፣ ዐይናቸው ራሴ ላይ ሆኖ።

ለቅሶው ከዳር ጀምሮ እየደረቀ ወደ መሐል መጣ። ሁሉም ዝም አለ። በዚያ ፊልም ላይ ልጅቷ ደረጃውን ስትወርድ እንደሆነው፣ ሁሉም እኔን እያየ ዝም አለ። የተመኘሁትን ዝምታ ያገኘሁት ያን ጊዜ ነው።

ነገሩ ተገለጠ። ገበያተኞቹ ዓርብ ማታ ገብተው «ትርንጎ ፀጉሯን ተቆርጣለች፣ ሰው እግዜር ያጥናሽ እያለ ይስማታል» ብለዋል። እናቴ ማንንም አልጠየቀችም። ፀጉሬን የተቆረጥኩት ለእሷ ሞት ቢሆን፣ እሷ ቤቷ አለች። የሚቀረው አንድ ሰው ነው።

«ታዲያ ለምን ተቆረጥሽው?» አለኝ አጎቴ።

በኽምጣኛ ለመመለስ ሞከርኩ። በገዛ ቋንቋዬ ቃል ያጣሁት ያኔ ነው። ስለ ብረት ሳጥኑ ልንገራቸው? ስለ ሰውየው ድምፅ? «ሌላ ሰው ልሁን ብዬ ነው» አልኩ በመጨረሻ።

አጎቴ ተነሳ። «የቁም ሰው አስለቀሰችን» አለ። «ይኼ ነው ትምህርቱ? ከዛሬ ወዲያ ሰቆጣ የሚባል የለም፤ በቃ!»

በሕይወት ያለን ሰው ማልቀስ ሟርት ነው። አባ ክንፈ ጸበል ረጩ፣ ሰዉን በተኑ፣ እናቴን «በአፍሽ አትግደይው፤ አሁኑኑ ተዪ» ብለው ገሠጹ። እናቴ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «ደህና መሆኑን ሆዴ እኮ አላመነም፣ አባ» አለች። «በቃ ተባልሽ» አሏት። በቃ። ነጠላዋን ከወገቧ ፈታች።

እሑድ ከሰዓት አጎቴ በራፉ ላይ ቆሞ ነበር፣ እንዳልወጣ። እናቴ ስንቄን ቋጥራ ብቅ አለች። ታናሽ እህቱ ናትና እሱን ቀና ብላ ተናግራው አታውቅም። «ትሄዳለች» አለችው። «ስልኩ ያለው እዚያ ነው። የወንድሟን ድምፅ ሰምታ ትምጣልኝ።» አጎቴ ከበራፉ ገለል አለ። እኔም እንዲህ ሆኜ ተማሪነቴን አተረፍኩ። ለትምህርቱ አልነበረም የላከችኝ፤ ለድምፅ ነው።

አዳነ ስልክ አልነበረውም። አብሮት የወረደ የአገራችን ሰው ነበር፤ የእሱን ቁጥር በቃሌ ይዤው ነበር። ከእትየ ለምለም ስልክ በየቀኑ እደውላለሁ። ሁልጊዜ አንዲት ሴት በጨዋ አማርኛ የደወልኩለትን ሰው ማግኘት እንደማልችል ትነግረኛለች። እትየ ለምለም «ኔትወርክ ነው ልጄ፣ ቆላ ኔትወርክ የለም» ይሉኛል፤ ደግሞም ይቆዩና «ይኸውልሽ፣ እስቲ እኔ ልሞክርልሽ» ብለው ራሳቸው ይደውላሉ፤ ለእሳቸውም ያችው ሴት ናት የምትመልሰው። ቪዲዮ ቤቱ በዚያው መንገድ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልገባሁም። በመጋረጃው ሥር የሰውየው ድምፅ ሲወጣ እየሰማሁ አልፋለሁ። ሜሮን ከጥምቀት በኋላ አባቷ ተዛውሮ ሄደች። ስትሰናበተኝ በሚቀጥለው አገር ምን እንደምትሆን ጠየቅኋት። «አላውቅም፤ ምናልባት ዝምተኛ» አለችኝ። አልመክርሽም አልኳት። አማርኛዬ ተፈትቶ ነበር፤ ግን የምናገረው አልነበረኝም።

ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ አፋፉ ላይ ቁማ ትጠብቀኝ ነበር። ዐይኔን አታይም፤ ራሴን ነው የምታየው። ሻሽ አስሬ ስመጣ ደረቷን ስትይዝ አየሁና ሻሹን ተውኩት፣ ከሩቅ እንድትለየኝ። ደርሼባት ስስማት ፀጉሬን በጣቷ ትለካለች። «አድጓል» ትላለች። «ደህና ነው ማለት ነው።» እንዴት እንደሚያያዝ አልጠየቅኋትም። ፀጉሬ ሲያጥር ሞቶባት ነበር፤ ሲረዝም መዳን ነበረበት። ድምፁን ላመጣላት ስላልቻልኩ ፀጉሬን አመጣሁላት። እንደ ሰብል ነበር የምንጠብቀው። ለፋሲካ ትንንሽ ሹሩባ ለመያዝ በቃ። ራሷ ቅቤ ቀብታ እየጎነጎነችኝ «ሰሊጡ አልቆ ጥጥ ለቀማ ይዞት ነው» አለችኝ። ከኅዳር ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከፋሲካ በኋላ በነበረው እሑድ፣ ሳይነጋ፣ የሰዎች እግር ግቢው ውስጥ ተሰማ። በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ምን እንደሚይዝ ሁሉም ያውቃል። አባ ክንፈ ከፊት፣ አጎቴ ከኋላቸው፣ ከእነሱ ኋላ ደግሞ ያ የስልኩ ሰው፣ ከስቶ፣ መሬት መሬት እያየ።

እናቴ ቀድማ ተናገረች። ክንዴን ይዛ ወደ ፊት ጎተተችኝና «ውሸት ነው!» አለች። «ፀጉሯን እዩት እንጂ! ተሠርታለች እኮ!»

ማንም ራሴን አላየም። የስልኩ ሰው ቀስ ብሎ ነገራት። ወባ ነው። እሱም ራሱ ታሞ ስልኩን ሸጦ ሲንከራተት ከርሞ፣ መርዶውን ይዞ ለመምጣት አቅም አጥቶ ነው። የቀበሩት እርሻው ዳር ነው።

«መቼ?» አለች እናቴ።

«ኅዳር ላይ። ሚካኤል በዋለ ሰሞን።»

ሴቶቹ መጮህ ጀምረው ነበር። እናቴ እጇን አነሳችና ዝም አሰኘቻቸው። ክንዴን ለቀቀችኝ። አባ ክንፈን አየቻቸው፣ አጎቴን አየችው። ድምፅዋ ከፍ አላለም።

«እኔ አልቅሼው ነበር» አለች። «በቀኑ ደርሼለት ነበር። በቃ ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ።»

አባ ክንፈ መስቀላቸውን ያዙ። እሷም ከዚያ በኋላ አላለቀሰችም። ሰው ሁሉ ሲያለቅስላት ዋለ፤ እሷ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ተቀምጣ ዋለች። ሴቶቹ ምላጭና ውኃ አቀረቡ። እናቴ ተላጨች፣ አክስቶቼ ተላጩ፣ የአጎቴ ልጆች ተቆረጡ። ተራው የእኔ ሆነና ተንበርክኬ ራሴን ሰጠሁ። አክስቴ የመጀመሪያውን ሹሩባ ስትይዝ እናቴ እጇን ያዘቻት።

«ተዪአት» አለች። «እሷ በቀኑ ተቆርጣለች።»

ለመንኳት። እንደ ሌላው ልሁን፣ ዛሬስ እውነቱ ነው፣ ለእሱ ነው አልኳት። አንዴ የተናገረችውን አልመለሰችም። ለቅሶው እስኪያልቅ ድረስ በዚያ ሁሉ የተላጨ ራስ መሐል ቅቤ የተቀባ ሹሩባ ይዤ ተቀመጥኩ። ከሌላ መንደር የመጡ ለቀስተኞች «ይቺ ማን ናት? የእሱ እህት አይደለችም እንዴ?» ሲባባሉ ሰምቻለሁ። የሚያውቁኝ ደግሞ የባሰ ያዩኝ ነበር፤ ሞትን አስቀድማ የሰማች፣ በፀጉሯ የተናገረች ልጅ አድርገው። የመንደራችን አሮጊቶች እስከ ዛሬ ሲያዩኝ አስቀድመው ወደ ራሴ ነው የሚያዩት። ያ የፊልሙ ሰውዬ አልዋሸም። ሌላ ሰው ሆኛለሁ። ማን እንደምሆን የመረጥኩ መስሎኝ ነበር እንጂ።

ለፊልም ብዬ ፀጉሬን ተቆርጫለሁ። ለወንድሜ ግን አልተቆረጥኩም። ይኼ ዛሬም ያናድደኛል፣ ዛሬም ያቃጥለኛል፤ የምናደደውም በማን እንደሆነ አላውቅም።

ባለፈው ሰሞን ባጃጁ ጥሎኝ ከሄደ በኋላ ሌላ ይዤ ከተማው ዳር ወረድኩና የቀረውን እንደ ድሮው በእግሬ ሄድኩ። እናቴ አሁን ዐይኗ ደክሟል፤ አፋፉ ላይ አትወጣም። በራፉ ላይ ተቀምጣ ኮቴዬን ሰማችና እጇን ዘረጋች። እኔም እንደ ሁልጊዜው ሰላም ሳልላት ጎንበስ ብዬ ጠበቅኋት። ጣቶቿ ጉንጬን አልፈው፣ ሻሼን ገፍተው፣ ሹሩባዬን ፈለጉ። አገኙት። ጫፉን ይዛ ሳብ አደረገችው፣ እሱ ያደርገው እንደነበረው። ከዚያ በኋላ ነው የሳመችኝ።

«ሁሉም ደህና ናቸው?» አለችኝ።